እሳቸው አላጠፉም

በዚህ ገጽ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ነው። ዛሬ ግን ስለ ጉበት ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ነገሩ ከፖለቲካ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተወልጄ ያደግሁት ቀጨኔ ነው፤ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ። ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ የከተሙበት፣ አዲስ አበባም ምጣዷንና ጀበናዋን ከእጃቸው እየሸመተች ራሳቸውን ግን “ቡዳ” እያለች ስትሸሻቸው የኖረችበት ሰፈር ነው። ትምህርት ቤት ሳለን አንድ ልጅ ሆዱን በቆረጠው ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ወደ ቀጨኔ ልጆች ይዞር እንደ ነበር አልረሳውም። ይህን የማነሣው የድሮ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ሦስተኛ ዲግሪዬን ካገኘሁ ወዲህ የሰፈሬ ሰው “ዶክተር” ይለኛል። እኔ የማስተምረው ስታቲስቲክስ ነው። ይህን ለትልልቅ ሰዎች ማስረዳት ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም፤ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ይዘው የሚመጡ አሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ጉሮሮ እንዳይላቸው የሚጠይቁኝም አሉ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሸክላ ሠሪ ጎረቤታችን ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው ወደ እናቴ ቤት መጡ። ለሌላ ሕመም ሲመረመሩ ሄፓታይተስ ሲ የሚባል የጉበት ቫይረስ ተገኝቶባቸዋል። የዕቁባቸውን ዕጣ አውጥተው መድኃኒት ገዙ። ለ12 ሳምንት በየቀኑ አንድ፣ በጠቅላላው 84 ፍሬ ዋጡ። ከጨረሱ ከሦስት ወር በኋላ እንደ ገና ደማቸው ሲታይ ቫይረሱ እዚያው ነው። ያየቻቸው ባለሙያ፣ የት እንደሆነ ይቅርና፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሸኘቻቸው፤ “መድኃኒቱን በትክክል አልወሰዱም።”

እሳቸው ግን ወስደዋል። በማድቤታቸው ግድግዳ ላይ በየማታው በከሰል አንድ አንድ መስመር እያሰመሩ ነው የጨረሱት። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ቆጥሬዋለሁም፤ 84 ነው። “ልጄ፣ ፊደል ባልቆጥርም ምጣድ እቆጥራለሁ” አሉኝ። “ስንቱ ወደ እሳት ገባ፣ ስንቱ ፈነዳ፣ ስንቱ ለገበያ ወጣ፤ ዕድሜ ልኬን የቆጠርሁት ይህንኑ ነው። ደግሞስ የፈነዳ ምጣድ ሁሉ የሠሪዋ ጥፋት ነው እንዴ? አንዳንዴ አፈሩ ነው።”

ሐኪም አለመሆኔን ለሃያኛ ጊዜ ነገርኋቸውና ፌስታሉን ተቀበልሁ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ የታተሙ የመድኃኒት ሙከራዎችን እያነበብሁ ነው። የሙከራ ውጤት ማንበብ ደግሞ፣ ሐኪም ባልሆንም፣ የሙያዬ አንድ ክፍል ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ልበል። ቫይረሱ ማንነቱ የታወቀው በ1989 ነው፤ ለዚህ ግኝት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሕክምናው ግን ከስሙ ይቀድማል፤ በ1986 ገና “ኤም ያልሆነ፣ ቢም ያልሆነ” ተብሎ በሚጠራበት ዘመን አሜሪካ ውስጥ በጥቂት ሰዎች ላይ ኢንተርፌሮን ተሞክሮ ነበር። ከዚያ ሪባቪሪን የተባለ ኪኒን ታከለበት፤ በሳምንት አንዴ የሚወጋ ኢንተርፌሮንም መጣ። ሕመምተኛው እስከ አንድ ዓመት ድረስ በትኩሳት፣ በደም ማነስና በድባቴ ሲሰቃይ ይከርምና በመጨረሻ ከሁለት አንዱ ይድናል፣ ሌላው አይድንም። ነገሩ የተለወጠው በ2013 መጨረሻ ሶፎስቡቪር የተባለው ኪኒን አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሙከራዎች ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ማውራት ጀመሩ። ሥር የሰደደ የቫይረስ በሽታ በሦስት ወር ኪኒን ከደም ተጠርጎ መውጣቱ በእኔ ዕድሜ ካየናቸው የሕክምና ድሎች ከታላላቆቹ የሚቆጠር ነው፤ ይህን ማንም እንዳያንኳስሰው።

ዋጋው ግን የሚያስደነግጥ ነበር። የአንዱ ኪኒን ዋጋ 1,000 ዶላር፣ የ12 ሳምንቱ 84,000 ዶላር። ጊልያድ የተባለው ባለቤት ኩባንያ በ2014 ለሕንድ አምራቾች ለ91 ታዳጊ አገሮች እንዲያመርቱ ፈቃድ ሰጠ፤ ኢትዮጵያም በዝርዝሩ ውስጥ አለች። በ2023 የሙሉ ሕክምናው ዋጋ ለድሃ አገሮች እስከ 60 ዶላር መውረዱ ተነገረ። ብዙዎቻችን ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎን ነበር። መድኃኒቱ ተገኘ፣ ረከሰ፣ ደረሰ። ቀጨኔ የሚገኘው የማድቤት ግድግዳ ግን ታሪኩ እንዳላለቀ ይናገራል።

ቫይረሱ አንድ ወጥ አይደለም። ጂኖታይፕ በሚባሉ ዋና ዋና ዝርያዎች ይከፈላል፤ እነሱም በበኩላቸው በፊደል የሚጠሩ ንዑስ ዝርያዎች አሏቸው። አውሮፓና አሜሪካ በብዛት የሚገኘው ቁጥር 1 ነው። የእኛው ቁጥር 4 ነው። በ2017 የታተመ በኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት ከናሙናዎቹ ከሦስት አራተኛ በላይ ቁጥር 4 ሆነው አግኝቷቸዋል፤ ከንዑሳኑም ጎልተው የታዩት 4ዲ እና 4አር ናቸው። አንባቢ ይህን “4አር” የሚል ምልክት እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ሙከራዎቹ እንመለስ። ጎረቤቴ የወሰዱት ሶፎስቡቪርና ሌዲፓስቪር ተዋሕደው የተሠሩበትን ኪኒን ነው። ይህ ኪኒን በቁጥር 4 ላይ መሥራቱ የተመሰከረለት በስንት ሰው ይመስላችኋል? በዋሽንግተን ዳርቻ፣ ቤተዝዳ በሚገኘው የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም 21 ሰዎች፤ በፈረንሳይ 44 ሰዎች። ከዚህ የሚሻለው ሶፎስቡቪርን ከቬልፓታስቪር ጋር ያዋሐደው ነው። በ2015 የታተመው አስትራል 1 የተባለው ሙከራ 624 ሰዎችን አክሟል። ከነዚህ 116ቱ ቁጥር 4 የነበረባቸው ሲሆኑ 116ቱም ድነዋል። ድንቅ ውጤት ነው። ሙከራው የተካሄደባቸው አገሮች ግን አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ጣልያን፣ ቤልጅየምና ሆንግ ኮንግ ናቸው። ከሰሐራ በታች ያለ አንድም አገር የለም። እነዚህ ለፈቃድ የተደረጉ ሙከራዎች 4አር ያለበትን ሰው ያገኙት እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ቫይረሱ የሚኖረው እዚህ ነዋ!

ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት የምነግራቸው ነገር አለ። አማካይ ቁጥር የተቆጠሩት ሰዎች ንብረት ነው፤ ያልተቆጠረ ሰው በውስጡ ድርሻ የለውም። “ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ይድናል” የሚለው ዐረፍተ ነገር በሊዮንና በሂዩስተን እውነት ነው። ቀጨኔ ላይ እውነት መሆኑን ግን ያጣራለት ሰው ያስፈልገዋል።

ያጣራችው ሩዋንዳ ናት። የሩዋንዳ የጤና ባለሥልጣናትና ተባባሪዎቻቸው በ2017 ኪጋሊ ላይ ይህንኑ ጎረቤቴ የወሰዱትን ኪኒን ለ300 ሰዎች በሥርዓት ሰጥተው ተከታተሉ። ሻርድ የተባለው የዚህ ሙከራ ውጤት በ2019 ታተመ። በጠቅላላው የዳኑት 87 ከመቶ ናቸው። ሰነፍ አንባቢ እዚህ ላይ “መልካም ነው” ብሎ ወረቀቱን ያጥፈዋል። እነሱ ግን አላጠፉትም፤ ንዑስ ዝርያውን እየለዩ ቆጠሩ። 4አር ያልሆነባቸው 93 ከመቶ ድነዋል። 4አር የነበረባቸው 48 ሰዎች ነበሩ፤ ከነሱ የዳኑት 27 ብቻ ናቸው። 56 ከመቶ! ቀሪውን ሒሳብ እኔ ልሥራው። ከ300ው ሰው ሳይድኑ የቀሩት 39 ናቸው። ከ39ኙ 21ዱ ከእነዚያ 48 ሰዎች መካከል ናቸው። ከተሳታፊው አንድ ስድስተኛ የማይሞላው ወገን ከውድቀቱ ግማሽ በላይ ተሸከመ ማለት ነው። እነዚህ 21 ሰዎች በሙከራ ሥር ባይሆኑ ኖሮ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው “መድኃኒቱን በትክክል አልወሰዱም” ይባሉ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

ሩዋንዳውያኑ በዚህም አላበቁም። በመጀመሪያው መድኃኒት ላልዳኑት ሦስት መድኃኒቶች የተዋሐዱበትን ሌላ ኪኒን ሞከሩ፤ በ2022 በታተመው ውጤት ከ40 ሰዎች 39ኙ ድነዋል። እንግዲህ በሽታው እንቢ ያለው መድኃኒትን ሁሉ አልነበረም፤ ያንን አንዱን ነበር። ይህን ለማወቅ ግን መጀመሪያ ሰውየውን መጠርጠር ትቶ ቫይረሱን መመርመር አስፈለገ። በዚያው በ2019 ከፈረንሳይና ከለንደንም ተመሳሳይ ወሬ ተሰማ። እዚያ የሚኖሩ አፍሪካውያንን ያከሙ ሐኪሞች በእነዚህ “ያልተለመዱ” ንዑስ ዝርያዎች ላይ ሕክምናው ደጋግሞ መክሸፉን ጻፉ። “ያልተለመደ” የሚለው ቃል ሁልጊዜ ያስቀኛል። ለማን ነው ያልተለመደው?

የጎረቤቴ ቫይረስ 4አር ነው አላልሁም። ማንም አልለየውም፤ ቅሬታዬም እሱ ነው። ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ጉበታቸው አስቀድሞ ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱም በማጓጓዝ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሳይመረመር የተዘለለው ግን ይህ ሁሉ ነው። የተመረጠው ማብራሪያ ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የቆየው ነው። ልጁን ሆዱን ቆረጠው፤ ዓይን ወደ ቀጨኔ ዞረ። ሕክምናው ከሸፈ፤ ጣት ወደ ሸክላ ሠሪዋ ተቀሰረ። የቡዳን ወሬ ነጭ ጋዎን ብናለብሰው ያው የቡዳ ወሬ ነው።

በሌላ መንገድ መሄድ እንደሚቻል ግብጽ አሳይታለች። የግብጽ መንግሥት ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ቢልሃርዚያን ለማጥፋት ብሎ ገበሬውን በዘመቻ መርፌ ሲወጋ ኖረ፤ በደንብ ያልተቀቀለው መርፌ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ሄፓታይተስ ሲን በመላ አገሪቱ ዘራው። (በዚያው ዘመን የእኛው አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ የሚገድለው እንዶድ መሆኑን አስተውለው ነበር። አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ምርምር ፈረንጅ ካልደገመው አይታመንም የሚለውን ግድግዳ ሲገፉ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) በኋላ ግን ግብጽ መድኃኒቱን በራሷ ሕመምተኞች ላይ ሞከረች፤ በ900 ዶላር ተደራድራ ገዛች፤ በኋላም ራሷ እያመረተች አረከሰችው። በ2018 እና በ2019 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መረመረች። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ የወርቅ ደረጃ ሰጣት። በሌሎች ጉዳዮች የግብጽን መንግሥት ለማወደስ ይህ ገጽ ቦታ የለውም፤ በዚህ ግን ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

“እኛ ሙከራ ለማካሄድ አቅሙ የለንም” የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ከእናቴ ደጅ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ዛሬም “ፓስተር” እያልን የምንጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። እዚያው ሰፈር የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። ጳውሎስ በ2015 ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ጀምሮ ከሺህ በላይ ሕመምተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል፤ ውጤቱንም ዓለም አንብቦታል። አለርት ግቢ ውስጥ ከ1970 ጀምሮ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የሄፓታይተስ ሲ ሕመምተኞቻቸውን ውጤት መዝግበው ያሳተሙ ሐኪሞችም አሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሆኖም ከፍሎ የሚታከመውን ሰው መዝገብ ማጥናትና ለጥያቄው ተብሎ የታቀደ ሙከራ አንድ አይደሉም።

ወደ ሰሜን ምዕራብ ብንወጣ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ምሳሌ እናገኛለን። ጎንደርና አብደራፊ ላይ፣ ከኤችአይቪ ጋር ካላዛር የያዛቸውን ሰዎች በሁለት መድኃኒት አጣምሮ የማከም ሙከራ ተካሂዶ በ2019 ታትሟል። ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ከነሱ የሚበልጥ ችላ የተባለ ሕመምተኛ በአገራችን መፈለግ ያዳግታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መመሪያውን ሲለውጥ የተመረኮዘው ከሕንዱ ጥናት ጋር በዚህ ነው። ታዲያ ለካላዛር የተቻለው ለጉበት የማይቻለው ስለምን ነው?

ገንዘብ ከሆነም እንቁጠር። ሦስት መቶ ሰው፣ በ60 ዶላር፤ 18,000 ዶላር። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሚሳፈርበት ከአንድ ላንድክሩዘር ዋጋ ያንሳል። ላቦራቶሪውና የሰው ኃይሉ ከመድኃኒቱ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ሆኖም ለሳንባ ነቀርሳ ተብሎ በየሆስፒታሉ የተተከለው ጂንኤክስፐርት መሣሪያ የራሱ ካርትሪጅ ከገባለት የሄፓታይተስ ሲን የቫይረስ መጠን ይለካል። ንዑስ ዝርያውን የሚለየውን ሥራ በኮቪድ ዘመን የቫይረስ ዘር ማንበብ የተማሩት ወጣቶቻችን ይሠሩታል፤ ካልተሰደዱ።

የበለጠ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። “ሕዝባችን የፈረንጅ የሙከራ አይጥ ይሁን ትላለህ?” ይሉኛል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። በ1996 ናይጄሪያ፣ ካኖ ላይ ማጅራት ገትር በተነሣ ጊዜ ፋይዘር 200 ሕፃናት ላይ ባደረገው የመድኃኒት ሙከራ 11 ሞተዋል፤ ወላጆቻችን ፈቃዳችን በአግባቡ አልተጠየቀም ብለው ለዓመታት ተሟግተው፣ ኩባንያው በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። እንዲህ ያለ ነገር ደጃችን እንዲመጣ አልሻም። ነገር ግን አሁን የምናደርገውን ደግሞ በስሙ እንጥራው። በእኛ ቫይረስ ላይ በቅጡ ያልተፈተሸ መድኃኒት ለሕዝባችን እየሰጠን፣ ዝርያውን ሳንለይ፣ ስንቱ እንደዳነ ሳንቆጥር፣ ያልዳነውን እየወቀስን ነው። ይህ ራሱ ሙከራ ነው፤ ያውም ፈቃድ ያልተጠየቀበት፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያላየው፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ውጤቱ የማይጻፍ ሙከራ። ከካኖው የሚለየው ማንም ስለማይከሰስበት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ጤና ሚኒስቴር በ2016 የሄፓታይተስ መከላከያና መቆጣጠሪያ መመሪያ አውጥቷል፤ መመሪያ አለን ማለት ነው። በዚያ ላይ በመንግሥት ገንዘብ የሚመራ፣ ለኩባንያ ያልተገዛ፣ እንደ ኪጋሊው ሦስት መቶ ሰው የሚይዝ አንድ ሙከራ ይታከልበት፤ አንደኛው መድኃኒት ላልሠራለት ሰው ሁለተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቀው፤ ውጤቱም፣ ቢያምርም ቢያስከፋም፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ጭምር ይነገር። እስከዚያው ድረስ ደግሞ ምንም ዶላር የማያስወጣ ሌላ ነገር አለ፤ ሕክምናው ለከሸፈበት ሰው “አላወቅንም” ማለት። እኔ በክፍሌ ውስጥ ይህን ቃል ለመልመድ አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሐኪሞቻችንም እንደማይቀልላቸው ይገባኛል።

ባለፈው ሰንበት ጎረቤቴን አግኝቻቸው ያነበብሁትን በተቻለኝ መጠን አስረዳኋቸው። የሩዋንዳዎቹን 48 ሰዎች ነገር ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። “ሃያ አንዱስ?” አሉኝ፤ “ሁለተኛውን መድኃኒት ሰጧቸው?” ለብዙዎቹ እንደ ደረሳቸው ነገርኋቸው። “እሰይ” ብለው ወደ ጭቃቸው ተመለሱ። የሦስቱ ድብልቅ መድኃኒት አዲስ አበባ ውስጥ የት እንደሚገኝ ጠያይቄ እንድነግራቸው ቀጠሮ ይዘናል። ፌስታሉ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው።

ቸር ያሰንብተን።